ድምፅ ለማግኘት ደጅ መጥናት

ደጅ ጥናት በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። ሹመት ፈላጊው ከሹም ደጅ፣ ባለጉዳዩም ከቢሮ በራፍ ቆሞ ቀኑን ይገፋል። ነገር ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ሹመት የሚሻው ሰው ከተራው ሕዝብ ደጅ ቆሞ የሚለምንበት ወራት አለ፤ ይኸውም የምርጫ ቅስቀሳ ወራት ነው። ዛሬ ለአንባቢያችን ልናወጋ ያሰብነው፣ በእንግሊዝ አገር ለአካባቢ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው እነዚያን ሳምንቶች እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው።

ይህ ምክር ቤት ስለ ጦርና ስለ ሰላም አይመክርም። ጉዳዩ ቆሻሻ ማስጠረግ፣ የተቦረቦረ መንገድ ማስጠገን፣ ቤተ መጻሕፍት ማስተዳደር፣ ለቤት ሥራ ፈቃድ መስጠትና ይህን የመሳሰለው ነው። አባሉም የሚቀበለው አበል እንጂ ደመወዝ አይደለም። ለመወዳደር ዕድሜው 18 ዓመት መሙላት፣ ከዚያው የምርጫ ክልልም ሁለት መራጮች ሊፈርሙለት ይገባል፤ የሚያስይዘው ገንዘብ የለም። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ በዚያው ምክር ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው እንዳይወዳደር ይከለክላል። ተቈጣጣሪውና ተቈጣጣሪው የሚያዘው ሠራተኛ አንድ ሰው ሊሆኑ አይገባምና ነው።

ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የቀን ሥራ ያላቸው ስለ ሆኑ፣ ቅስቀሳው የሚካሄደው ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው። ተወዳዳሪው የመራጮችን መዝገብ ቅጂ ይዞ፣ የፓርቲውን ቀለም ጥብጣብ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከረዳቶቹ ጋር መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። በሩን አንኳኩቶ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፤ ሰላምታ ሰጥቶ ስሙን ይናገርና፣ «በዚህ ሰፈር የሚያስቸግርዎ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ትልቁ ፖለቲካ ንግግር አጥንቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ የሚጠብቀው መልስ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ውሻ ኩስ ነው። አንዳንዱም «ድምፅ ስትፈልጉ ብቻ ነው የምትመጡት» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ተወዳዳሪው አይከራከርም፤ አመስግኖ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። ረዳቱ ደጋፊውን፣ ተቃዋሚውንና ያልቈረጠውን ለይቶ ከመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሰው ከቤት ባልተገኘ ጊዜ በራሪው ወረቀት በበሩ ቀዳዳ ይገባል። ከበሩ በስተ ጀርባ ግን ውሻ ሊኖር ስለሚችል፣ ብልሆቹ ጣታቸውን ለማዳን ወረቀቱን በእንጨት ማንኪያ ይገፉታል።

ለእኛ አገር ሰው እንግዳ የሚመስለው ሌላም ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። በዚያ ግን መራጩን ለማግባባት ምግብ ወይም መጠጥ የጋበዘ ተወዳዳሪ፣ በ1983 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ ሕግ መሠረት ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ይዞ የሚሄደው አንደበቱንና ጫማውን ብቻ ነው።

ምርጫው በልማድ ሐሙስ ቀን ይውላል፤ ጣቢያው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ክፍት ነው። ከ2023 ዓ.ም. ወዲህ መራጩ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ማሳየት አለበት። የፓርቲዎቹ ረዳቶች ከደጅ ቆመው የመራጩን የመዝገብ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም። ማታ ሲቃረብ ከደጋፊዎች መካከል ያልመረጡት በዚህ ተለይተው ይታወቁና፣ በራቸው እንደ ገና ይንኳኳል። ከሦስት መራጮች አንዱ ያህል ብቻ የሚወጣበት ምርጫ ብዙ ስለ ሆነ፣ ይህ ድካም ከንቱ አይደለም።

የአንድ ድምፅ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2017 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርተምበርላንድ ታይቷል። ሳውዝ ብላይዝ በተባለው የምርጫ ክልል ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ድምፅ አገኙ፤ ቆጠራው ቢደገምም ውጤቱ ያው ሆነ። ሕጉም በዕጣ ይለይ ስለሚል ጭራሮ ተመዘዘ። ዕጣው ለሊበራል ዴሞክራት ተወዳዳሪ ወጣ፤ ኮንሰርቫቲቮቹም ከ67 ወንበሮች 33 ብቻ ይዘው፣ በአንድ ወንበር ምክንያት ብቻቸውን ለመምራት የሚያበቃቸውን ብልጫ አጡ። ከሁለቱ ወገን አንዱ አንዲት ተጨማሪ በር አንኳኩቶ አንድ ድምፅ ቢያገኝ ኖሮ፣ ጭራሮ መምዘዝ ባላስፈለገ ነበር።

ከምርጫው በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፣ ያ የለመነ ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። በዚያ አገር ብዙዎቹ የምክር ቤት አባሎች ቀን ወስነው ባለጉዳይ የሚያነጋግሩበት ልማድ አላቸው። ልማዱን የዘነጋ አባል ቢኖር፣ አራት ዓመት ሲሞላ ያችው በር ትጠብቀዋለች። በምርጫ ሳይሆን በትምህርቱ ወንበር ያገኘ ወጣት ሹም ግን ይህ ፍርሃት የለበትም። ስለዚህ ከቢሮው ደጅ የቆመውን ሰው ሳያስጠብቅ እንዲያስገባ የሚያስገድደው የራሱ ኅሊና ብቻ ነው።