ክፍል ሳይገቡ ኮርስ ማለፍ፦ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ፈተናና የወላጅ ድርሻ

ከአሜሪካ ስልክ ይደወላል። ኮሌጅ የገባው ልጅ ወይም የእህት ልጅ ነው። «እማዬ፣ የታሪክ ፈተና ልፈተን ነው። መቶ ዶላር ያስፈልገኛል። ካለፍኩ ክፍል ሳልገባ አንድ ሙሉ ኮርስ ይያዝልኛል» ይላል። እናት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሐሳብ ይገባታል። ክፍል ሳይገቡ ኮርስ ማለፍ እንዴት ያለ ነገር ነው? ልጁን ያታለለው ሰው ይኖር ይሆን?

ማታለል አይደለም። እንዲህ ያለው ፈተና በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የሚሠራበት፣ የታወቀ መንገድ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ሳይጠይቁ የሚከፍሉበት ገንዘብ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወላጆችና አያቶች ነገሩን እንድትረዱት፣ ልጁንም ተገቢውን ጥያቄ እንድትጠይቁት ከዚህ በታች እናብራራለን።

ፈተናው ምንድን ነው?

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ እዚህ ቶአር ሪሾን የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ክሬዲት ማለት በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች ነኩዶት ዝኹት እንደሚባለው የትምህርት ነጥብ ነው። በደመወዝ ትሉሽ ላይ ካለው የግብር ነኩዶት ዝኹት ጋር ግን አይገናኝም። አንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት አለው።

ተማሪው ትምህርቱን በራሱ አጥንቶ እንደሚያውቀው በፈተና ካስመሰከረ፣ ኮሌጁ ክሬዲቱን ሊሰጠው ይችላል። ለዚህ የሚያገለግሉ ሁለት የታወቁ የፈተና ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ ክሌፕ፣ ሌላው ዲኤስኤስቲ ይባላል። ክሌፕ በአሜሪካ ታሪክ ሁለት ፈተናዎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያው ከቅኝ ግዛት ዘመን መጀመሪያ እስከ 1877 ያለውን ያካትታል። ዲኤስኤስቲ ደግሞ ስለ ርስ በርስ ጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ ስለነበረው የመልሶ ግንባታ ዘመን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና አለው። ይህ ጽሑፍ ስለዚህኛው ነው።

የዲኤስኤስቲው ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ፣ መልስ የሚመረጥበት ነው። ወደ 100 ጥያቄዎች በ2 ሰዓት ውስጥ ይሠራሉ። ውጤቱ ከ200 እስከ 500 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ለማለፍ የሚመከረው ነጥብ 400 ነው። የሚመከረው ክሬዲት 3 ሲሆን፣ ደረጃውም የከፍተኛ ዓመት ኮርስ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ኮሌጆች ከዲግሪው የተወሰነው ክፍል በከፍተኛ ደረጃ ኮርሶች እንዲሞላ ያስገድዳሉ፤ በፈተና ብቻ የሚገኘው አብዛኛው ክሬዲት ግን የጀማሪ ደረጃ ነው።

የፈተናው ክፍያ በ100 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የፈተና ማዕከሉ የራሱን ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል። ያው ኮርስ በክፍል ቢወሰድ በርካታ መቶ ዶላር ያስወጣል፤ በግል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሺዎችን ሊደርስ ይችላል። ልጁ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ከሆነ የመጀመሪያውን ሙከራ ክፍያ መንግሥት ሊሸፍንለት ስለሚችል፣ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የጦሩን የትምህርት ቢሮ ይጠይቅ።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ልጁ ለኮሌጁ አማካሪ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

አንደኛ፣ ኮሌጁ ይህን ፈተና ይቀበላል ወይ? ክሬዲቱ የሚመከር እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ውሳኔው የእያንዳንዱ ኮሌጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ስንት ነጥብ ይጠይቃል?

ሦስተኛ፣ ክሬዲቱ ለዲግሪው የሚቆጠረው የት ላይ ነው? የግዴታ ታሪክ ኮርስን የሚተካ ነው ወይስ ለምርጫ ኮርስ ብቻ የሚገባ? ልጁ የምርጫ ኮርሶቹን ጨርሶ ከሆነ፣ ፈተናውን ቢያልፍም የሚያተርፈው ነገር ላይኖር ይችላል።

አራተኛ፣ በፈተና የሚገኝ ክሬዲት ገደብ አለው ወይ?

ከዚህ ሌላ፣ «ትክክለኛውን የፈተና ጥያቄ እንሸጣለን» ከሚሉ ሰዎች ይጠንቀቅ። እንዲህ ያለውን ገዝቶ መፈተን ማጭበርበር ነው፤ ከተደረሰበት ውጤቱ ይሰረዛል። የፈተናውን ይዘት የሚዘረዝረው ወረቀት ግን ከራሱ ከፈተናው ድርጅት በነፃ ይገኛል።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ይዘቱ በጊዜ ቅደም ተከተል የተከፋፈለ ነው። ከጦርነቱ መንስኤ ይጀምርና 1861ን፣ 1862ን፣ 1863ን፣ ከ1864 እስከ 1865 ያለውን ጊዜ አልፎ በመልሶ ግንባታው ያበቃል።

መንስኤው ከባርነት ይነሣል። በጦርነቱ ዋዜማ በደቡቡ ክፍል ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች በባርነት ይኖሩ ነበር። ዋናው ጭቅጭቅ አገሪቱ ወደ ምዕራብ ስትሰፋ በአዲሶቹ ግዛቶች ባርነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነበር። የ1820ው የሚዙሪ ስምምነትና የ1850ው ስምምነት ጠቡን ለጊዜው አበረዱት። የ1854ቱ የካንሳስና ነብራስካ ሕግ መልሶ አቀጣጠለው። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ። በኅዳር 1860 አብርሃም ሊንከን ሲመረጥ ደቡብ ካሮላይና ከአንድ ወር ትንሽ አልፎ ተገነጠለች። በመጨረሻም የተገነጠሉት ግዛቶች 11 ሆኑ፤ ጄፈርሰን ዴቪስንም ፕሬዚዳንታቸው አደረጉ።

የመጀመሪያው ተኩስ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 በፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ ተተኮሰ። በመስከረም 1862 በአንቲተም በአንድ ቀን ብቻ ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ደብዛው ጠፋ። በጁላይ 1863 ሰሜኖች በጌቲስበርግ ድል አደረጉ፤ በማግስቱም በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለችው ቪክስበርግ እጅ ሰጠች። ኤፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ ለጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በአፖማቶክስ እጁን ሰጠ። ከአምስት ቀን በኋላ ሊንከን በቲያትር ቤት በጥይት ተመታ፤ በማግስቱም ሞተ። በጦርነቱ ያለቀው ወታደር ለረዥም ጊዜ 620 ሺህ እየተባለ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ኋላ የመጡ ግምቶች ቁጥሩን ከዚያም ከፍ ያደርጉታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አይሁዶችም አሉበት። የደቡቡ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ጁዳ ቤንጃሚን አይሁዳዊ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ በታኅሣሥ 1862 ጄኔራል ግራንት እሱ ከሚያዝዝበት የጦር ቀጠና አይሁዶች በሙሉ እንዲወጡ ትእዛዝ አወጣ። አቤቱታው ሊንከን ዘንድ ሲደርስ ትእዛዙ በጃንዋሪ 1863 እንዲሻር ተደረገ። ልጁ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያነብ ሌላውም አብሮ በልቡ ይቀራል።

ዓመቶቹ እንዳይምታቱ

የእኛን ልጆች የሚያሳስተው አንዱ ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ፈተናው የሚጠይቀው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከአያቱ የሰማው የኢትዮጵያ ታሪክ ግን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይላል። ኤፕሪል 1861 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 1853 ነው።

ይህንኑ ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል። አባ ማሃሪ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም የተነሡት፣ ብዙ ወገኖቻችንም በመንገድ ያለቁት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ነው፤ የአንቲተም ጦርነትም በዚያው ዓመት ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱት በኤፕሪል 1868 ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በምክር ቤት ተከሰሰ፤ 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ጸደቀ። የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ እነዚህን ሁለት ዓመቶች አይረሳም።

የስድስት ሳምንት ዝግጅት

በመጀመሪያው ሳምንት የይዘቱን ዝርዝር አውጥቶ አንድ የመለማመጃ ፈተና ሳያጠና ይሥራ። ድካሙ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። በሁለተኛው ሳምንት ከ1820 እስከ 1861 ያለውን መንስኤ ያጥና። ሦስተኛው ሳምንት ለ1861ና ለ1862፣ አራተኛው ከ1863 እስከ 1865 ላለው ይሁን። አምስተኛው ሙሉ በሙሉ ለመልሶ ግንባታው ይዋል። ብዙ ተማሪ የጦር ሜዳውን ታሪክ ይወድና ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ በፈተናው ግን ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በስድስተኛው ሳምንት ሰዓት ይዞ የመለማመጃ ፈተና ይሥራ።

የዓመታቱን መስመር በአንድ ትልቅ ወረቀት በእጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ከጎኑ የአሜሪካን ካርታ ያድርግ፤ ወንዞቹንና ባቡር መንገዶቹን ሳያይ ጦሩ ለምን ወደዚያ እንደሄደ አይገባውም።

እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ ምን ይርዳ?

«እኔ ፊደላቸውን አላውቅም፣ ምን ልርዳው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ታሪኩን በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። በቋንቋችሁ ለእናንተ ማስረዳት ከቻለ አውቆታል፤ ከተንተባተበ ገና ነው። ይህን ገጽ ቆርጣችሁ አስቀምጡና በስልክ እነዚህን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ሊንከን ሲመረጥ ባርነትን ባለበት ሁሉ አጠፋለሁ ብሎ ነበር ወይ? መልስ፦ አይደለም። ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ አደርጋለሁ ነበር ያለው።

ጥያቄ፦ የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የነፃነት አዋጅ የትኞቹን ባሮች ይመለከታል? መልስ፦ ባመፁት አካባቢዎች ያሉትን። ባርነት እያላቸው ከሰሜኑ ጋር የቀሩትን ሜሪላንድን፣ ደላዌርን፣ ኬንታኪንና ሚዙሪን አይነካም።

ጥያቄ፦ አንቲተም ለምን ይጠቀሳል? መልስ፦ ጄኔራል ሊ ወደ ሰሜን ያደረገው የመጀመሪያው ዘመቻ ስለተገታ፣ ሊንከንም አዋጁን ለማሳወቅ ጊዜ ስላገኘ።

ጥያቄ፦ የቪክስበርግ መያዝ ምን ለወጠ? መልስ፦ ሰሜኖች የሚሲሲፒን ወንዝ ተቆጣጠሩ፤ የደቡቡ ግዛት ለሁለት ተከፈለ።

ጥያቄ፦ ጥቁሮች ራሳቸው ተዋግተዋል? መልስ፦ አዎ። ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ በሰሜኑ ጦር ውስጥ አገልግለዋል።

ጥያቄ፦ ሦስቱ ማሻሻያዎች ምን ምን ናቸው? መልስ፦ በ1865 የጸደቀው 13ኛው ባርነትን አጠፋ። የ1868ቱ 14ኛው ዜግነትንና በሕግ ፊት እኩልነትን ሰጠ። የ1870ው 15ኛው በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ ደነገገ።

ጥያቄ፦ መልሶ ግንባታው በ1877 ለምን ቆመ? መልስ፦ የ1876ቱ ምርጫ አከራካሪ ሆነ፤ ሄይስ ፕሬዚዳንት ሆነና የፌደራሉን ወታደር ከደቡብ አነሣ። ጥቁሮች በወረቀት ያገኙትን መብት በተግባር እየተነጠቁ ሄዱ።

የፈተናው ቀን

የእኛ ቤተሰቦች የሚቸገሩበት ነገር ስም ነው። አንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ ሌላው የአያት ስም፣ ሌላው ደግሞ እዚህ የወጣ የዕብራይስጥ ስም ይይዛል። ለፈተና የተመዘገበበት ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ ከበር ሊመለስ ይችላል። ኮሌጁም የሚያውቀው በዚያው ስም መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ አንድም ጥያቄ ባዶ አይተው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ አለው፤ የከበደውን አልፎ ኋላ ይመለስበት። ውጤቱ ለኮሌጁ እንዲላክም ኮሌጁን መምረጥ እንዳይረሳ። ቢወድቅ ዲግሪው አይበላሽም፤ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ፣ እንደገና ከፍሎ ይፈተናል።

ወደ እስራኤል ለሚመለስ

ልጁ ዲግሪውን ይዞ እዚህ በመንግሥት ሥራ ለመቀጠር ካሰበ ሌላ ጥያቄ አለ። በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ከውጭ አገር የተገኙ ዲግሪዎችን የሚመረምር ክፍል አለ። ዲግሪው ለደመወዝ ደረጃ እንዲታወቅ የእሱ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ትምህርቱ የትና እንዴት እንደተሰጠም ይታያል። ስለዚህ ብዙ ክሬዲት በፈተና ወይም በርቀት ከመሰብሰቡ በፊት ደንቡን ከክፍሉ ይጠይቅ። አራት ዓመት ደክሞ የመጣ ልጅ ወረቀቱ አልታወቀም ሲባል ማየት ከባድ ነው።

እንግዲህ ስልኩ ሲደወል «መቶ ዶላሩን እልካለሁ፤ መጀመሪያ ግን ኮሌጅህ በጽሑፍ ምን አለ?» በሉት። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ቁጭ በሉና «በል፣ ጦርነቱ ለምን ተነሣ? ንገረኝ» በሉት።