የሐረር ጠራዦችና የእኛ ድርሻ

ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በግንቧ፣ በበሮቿና በመስጂዶቿ ሁላችንም እንኮራለን። ከተማዋ ግን ከግንቡ ሌላ ትልቅ ሙያ ነበራት፤ ቁርኣንና ኪታብን በእጅ መገልበጥና በቆዳ መጠረዝ።

ካቲቡ ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ላይ በመቃ ብዕር ይጽፋል። ጠራዡ ቅጠሎቹን ሰፍቶ ቆዳ ያለብሳል፤ በቆዳው ላይም ጌጥ ይደጉስበታል። ከኋላው ሽፋን የሚታጠፈው ክዳን የወረቀቱን ጠርዝ ከአቧራ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ዓመታት የሚጠይቅ ትምህርት ነው።

ሙያውን ያቆየው ምን ነበር? ትእዛዝ ነው። ኪታብ የሚፈልግ ዓሊም ያስጽፋል፤ ለመስጂድ ሙስሓፍ ወቅፍ ማድረግ የሚሻም ያስጠርዛል። ባለሙያው በዚያ ይኖራል፤ ተማሪውም ከጎኑ ተቀምጦ ይለምዳል። በኋላ በማተሚያ ቤት የታተመ ሙስሓፍ በርካሽ መጣ። ቁርኣን በየቤቱ መግባቱ ታላቅ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ትእዛዙ ሲቀር ተማሪውም ቀረ። ሙያው የተዳከመው ሰው ስለጠላው ሳይሆን የሚያሠራው ስላጣ ነው።

አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሐረርን ጥንታዊ ጽሑፎችና ቁሳቁሶች አሰባስበው መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ለሕዝብ አሳዩ። ዛሬ ስብስቡ በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፤ የተጎዱ ጥራዞችም ይጠገኑበታል። አንድ ሰው ይህን ያህል ከሠራ ጀማዓው ቢያግዝ ምን ያህል ይሠራ ነበር?

«ሰው በተቸገረበት ጊዜ ስለ ጌጥ ይወራል ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘካ በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ተቀባዮች አሉት፤ ከእነሱ ሐቅ ላይ ይወሰድ አንልም። እኛ የምንለው ስለ ሰደቃ፣ ስለ ወቅፍና ስለ ተራ ግዢ ነው። ደግሞም ሙያ ለወጣት እንጀራ ነው። ጥራዝ የተማረ ልጅ የሰው እጅ አያይም።

ጽሑፎቹን ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማስቀመጥም ያስፈልጋል። ፎቶው ግን የሚያቆየው ጽሑፉን ነው፤ የጠራዡን እጅ አያቆይም። እጅ የሚቆየው ሲሠራና ሲያስተምር ብቻ ነው።

ስለዚህ የመስጂድ ኮሚቴዎች ያረጁ ሙስሓፎችንና ኪታቦችን በባለሙያ ያስጠግኑ። መድረሳዎች በሳምንት አንድ ሰዓት ለኸጥ ትምህርት ይስጡ፤ ለአስተማሪውም ይክፈሉ። በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለኒካሕ ወይም ለምረቃ ስጦታ ስታስቡ በአገር ልጅ እጅ የተጠረዘ ኪታብ እዘዙ። በየአካባቢያችሁም፣ ወሎ ይሁን ጅማ፣ ተማሪ ያጣ ባለሙያ ካለ ጠይቁ፤ ዛሬውኑ አንድ ልጅ ላኩለት።