ወደቡን እናውቃለን፤ ባሕሩንስ?

ጅቡቲ ሲባል አዲስ አበባ ላለ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ኮንቴይነር ነው። ትራንዚተር ነው፣ ዲመሬጅ ነው፣ ጋላፊ ላይ የተሰለፈ ከባድ መኪና ነው፣ ፒኬ 12 ላይ መኪናው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ሾፌር ነው። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያች ከተማ በኩል ስለሚያልፍ ይህ አይገርምም። የሚገርመው፣ ከመቶ ዓመት በላይ በባቡርና በመኪና የተመላለስንባት ከተማ ባሕር እንዳላት የምናስታውሰው ስለ ወደብ ኪራይ ስንከራከር ብቻ መሆኑ ነው።

እዚያ የሚኖሩት ያንኑ ውኃ ለሌላም ነገር ይፈልጉታል። የአገሩ የዕረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ነው። አርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከአሮጌው ወደብ ጎን ሌስካል የሚባለው የትንንሽ ጀልባዎች መቆሚያ በሰው ይሞላል። ሸራ የተወጠረባቸው የፋይበር ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይወዛወዛሉ። ቤንዚን በጄሪካን፣ በረዶ በሣጥን፣ ውኃ በካርቶን ይወርዳል። ከፈረንሳይ ወይም ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የመጡ ጎልማሶች የማጥመጃ ዘንጋቸውን በረጅም ቦርሳ ይዘው ይቆማሉ፤ የኤምባሲ ቤተሰቦች ሕፃናቱን ቅባት ይቀባሉ። ጀልባውን የሚነዱት ደግሞ አፋሮች፣ ሶማሌዎችና የየመን ልጆች ናቸው። ግማሹ ጀልባ የሚሄደው ለመዋኘት ነው፤ ሌላው ግማሽ ዓሣ ለማጥመድ። መድረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች።

የሚዘወተረው የማጥመድ ዘዴ ጀልባው እየሄደ ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አዝግሞ የኮራሉን ጠርዝ ተከትሎ ይነዳል፤ ከኋላ ሁለት ሦስት ክር በረጅሙ ተለቆ ይጎተታል። ጫፉ ላይ የታሰረው ትል ወይም ሥጋ ሳይሆን ዓሣ መስሎ የተሠራ፣ ውኃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ፕላስቲክ ነው። ከመንጠቆው በላይ ያለው አንድ ሁለት ስንዝር ደግሞ ናይሎን አይደለም፤ ሽቦ ነው። ባራኩዳ ወይም ደራክ ሲነክስ ናይሎንን እንደ መቀስ ይቆርጠዋልና። ደራክ የሚሉት የየመን ልጆች ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የለመደው ታዛር ይለዋል። ረጅም፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር ያለበት፣ ሲሸሽ የማይታመን ፍጥነት ያለው የማከሬል ዘመድ ነው። ሲነክስ ከዓይን በፊት ጆሮ ይሰማል፤ ዘንጉ ላይ ያለው መዘውር ይጮኻል፣ ክሩ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ይሮጣል። ልምድ ያለው ካፒቴን በዚህ ጊዜ ሞተሩን ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አያጠፋም፤ ክሩ ላፍታ ከላላ መንጠቆው ሊወልቅ ይችላል። እንግዳው ዘንጉን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ሌሎቹ ክሮች እንዳይተበተቡ በፍጥነት የሚሰበስበው ረዳቱ ልጅ ነው። የጉዞው ግማሽ ሥራ የእሱ ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ግን የለም።

ነባሮቹ አጥማጆች ዘንግ የሚባል ነገር አይፈልጉም። ክሩን በእጃቸው ይለቃሉ፣ ከኮራሉ አጠገብ ወደ ወለሉ ያወርዱታል፣ የዓሣውን ንክሻ በጣታቸው ይለያሉ። ጥልቁ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚውለው ትልቅ አፉ ሜሩ እንደተነካ ወደ ዋሻው ስለሚሸሽ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ ነገሩ አበቃ። ካራንግን ግን የእጅ ክር አይመልሰውም። ትልቁ የካራንግ ዓይነት ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ግንባሩ የጎበጠ ጉልበተኛ ነው። እሱን ፍለጋ ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ሙሻ አይበቃቸውም፣ በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ወዳሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጋሉ። ለሰዓት ያህል ታግለው ያወጡትን ዓሣ ፎቶ አንስተው መልሰው ይለቁታል። ለቤቱ ዓሣ ይዞ መግባት ያለበት ጀልባ ነጂ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

ወቅቱን የሚወስነው ነፋስ ነው። እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ጀልባ የሚከራይ ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ግን አየሩ ይለዝባል። ከኅዳር እስከ ጥር ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው በአርታ ባሕር ዳርቻ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ ወንዶች ናቸው፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፣ ሰው አይበሉም፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚበዛውን ደቂቅ ሕይወት አፋቸውን ከፍተው ያጣራሉ። በዚያ ወቅት ዓሣ ለማጥመድ የወጣው ጀልባ ሳይቀር መንገዱን አዙሮ እነሱን ያሳያል። አንድ እንስሳ በአሥር ጀልባ ሲከበብ፣ የሞተር ምላጭ ጀርባውን ሲቧጥጠው ግን ትርኢቱ ያስከፋል። ይህ የባሕር ባለሙያዎች ለዓመታት ያነሱት ቅሬታ ነው።

የሰላጤው ዳርቻ ሰው ለምን ለረጅም ዘመን ባሕሩን ለሌላ ተወ? አፋሩም ኢሳውም በመሠረቱ አርቢ ነው፤ ሀብቱ ግመልና ፍየል ነው። የአገሪቱ ዓመታዊ የዓሣ ምርት ዛሬም ጥቂት ሺህ ቶን ብቻ ነው፣ የአንድ ሰው የዓሣ ፍጆታም ዝቅተኛ ነው። ዓሣን ወደ ከተማዋ ገበታ ያመጡት በዋናነት የመኖች ናቸው። ከጀርባው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ የሚጠበሰው ዓሣቸው ዛሬ የጅቡቲ መታወቂያ ነው። እዚያ ቆይቶ የመጣ ሹፌር ስለ ሙቀቱ አማርሮ ሲያበቃ ስለዚህ ዓሣ ነው የሚያወራው። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላ ሐበሻም ደንበኛቸው ነው።

በጀልባ መዝናናትን ደግሞ ያመጡት ፈረንሳዮች ናቸው። ከእነሱ በፊት እንግሊዞች በ1840 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን ገዝተው ነበር፤ ዋጋዋ አሥር ጆንያ ሩዝ ነበር ይባላል። ኋላ ለፈረንሳይ ተዉላት። በ1911 ጅቡቲ የደረሰው ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ቡናና ቆዳ ሊነግድ መጥቶ ዕንቁ፣ መሣሪያና ሐሺሽ በጀልባ እስከ ማዘዋወር ደረሰ፤ ስለዚሁ ባሕር የጻፋቸው መጻሕፍት ፈረንሳይ ውስጥ ዝነኛ አደረጉት፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ግን ከኢትዮጵያ አባረሩት። ከ1977 ነፃነት በኋላም የፈረንሳይ ጦር ስለቆየ የዕረፍት ቀን ጀልባው ደንበኛ አላጣም። የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን ጦር በ2011 ወደ አቡዳቢ ሲዛወር አሜሪካኖች ካምፕ ሌሞኒየር ከገቡ ቆይተዋል፣ ጃፓኖች በዚያው ዓመት ገቡ፣ ቻይናዎች በ2017 የራሳቸውን ሰፈር ከፈቱ። የሶማሊያ የባሕር ላይ ዘራፊዎች በግል ጀልባ ዓለምን የሚዞረውን ቱሪስት ቢያባርሩም ዘራፊዎቹን ሊያሳድድ የመጣው መርከበኛ አርብ ጠዋት ዓሣ ማጥመድ ፈለገ። እንዲህ ያለ ገበያ የትኛውም የቱሪዝም ቢሮ ሊያቅደው አይችልም። ክፋቱ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለ አንድ አዛዥ «ከግቢ መውጣት ተከልክሏል» ባለ ቀን የሌስካል ጀልባ ሁሉ ታስሮ መዋሉ ነው።

ውኃውም እየጠበበ ነው። በ2009 የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ጀመረ፤ በ2017 ደግሞ ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ ተከፈተ፣ ጎኑ የቻይና ጦር ሰፈር አለ። ትልልቅ መርከቦች የሚገቡበትና የሚቆሙበት ክልል ሲሰፋ፣ ወታደራዊ ክልል ሲጨመር፣ ትንሿ ጀልባ ዞራ መሄድ አለባት፤ መዞር ቤንዚን ነው። ሙሻና ማስካሊ ከአርባ ዓመት በላይ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ጠልቆ በጦር ዓሣ መውጋት፣ ኮራልና ዛጎል መልቀምም ክልክል ነው። ሕጉ ግን መልሕቅን አያቆምም። ጀልባ መልሕቁን ኮራል ላይ በጣለ ቁጥር ለዓመታት ያደገ ነገር ይሰበራል፣ ዓሣው የሚጠጋውም እዚያ ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከደንቡ ሁሉ የሚጠቅመው ጥቂት ቋሚ ማሰሪያ ቡዪ ተክሎ «መልሕቅ አትጣሉ፣ እዚህ እሰሩ» ማለት ነው። ርካሽ ነው፤ ምናልባት ችላ የተባለውም ስለማያስመርቅ ይሆናል።

ኢትዮጵያውያንስ? በከተማዋ መካከል ያለውን አደባባይ ስሙ በነፃነቱ ቀን ቢተካም ሰው ዛሬም ሜኔሊክ ይለዋል፤ ከአጠገቡ የኢትዮጵያ ስም ያለው መንገድ አለ። ቤት ሠራተኛው፣ አስተናጋጇ፣ ሜካኒኩ፣ ትራንዚተሩ የእኛ ሰው ነው። ሌስካል ላይ ግን በደንበኝነት ብዙም አናየውም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ሌላው ለተጓዡ ጅቡቲ ጉዳይ ጨርሶ የሚወጣባት እንጂ የሚዝናናባት አለመሆኗ ነው። ጅቡቲዎች ግን በሙቀቱ ወራት ቤተሰባቸውን ይዘው ድሬዳዋ ይወጣሉ፣ ለንፋሱ ብቻ። እኛ ባሕር ፍለጋ ወደ እነሱ አንወርድም።

ከእነዚህ ሥር ያለው ምክንያት ግን የቆየ ነው። ባሕር የነበረን ሕዝብ ነን፤ የባሕር ኃይላችን በ1955 ተመሥርቶ ምጽዋ ላይ ሲያሠለጥን ኖሯል። በ1991 የባሕር ዳርቻውን ካጣ በኋላ ጅቡቲ ተጠግተው የነበሩት መርከቦቻችን የወደብ ክፍያ ሳይከፈልባቸው ቀርቶ በ1996 በጨረታ ተሸጡ። ጥቂት ወጣቶች በቢሾፍቱ ባቦጋያና በባሕር ዳር ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ የቀረነው ግን ከውኃው ጋር ያለን ትውውቅ ከተቆረጠ አንድ ትውልድ ተኩል ሆኖታል። ዛሬ በዚህ ሰላጤ አካባቢ ጀልባ ላይ የሚወጣው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ስደተኛ ነው። በኦቦክ በኩል ወደ የመን ይሻገራል፣ አንዳንዴም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ደላሎች ከዳርቻው ርቀው ባሕር ላይ ያወረዷቸው ቢያንስ 48 ሰዎች አለቁ። መዋኘት የማያውቅ የደጋ ልጅ ላይፍ ጃኬት በሌለው ጀልባ ሲጫን ባሕርን መፍራት ተገቢ ነው፤ ይህን ፍርሃት ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ቀጥሎ ደግሞ ወሬው ታጁራ ሆነ። በነሐሴ 2024 ጅቡቲ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያ ለመስጠት ዝግጁ መሆኗን አሳወቀች። ወደቡ የተመረቀው በ2017 ነው፣ ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር በዚያው ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ። ክርክሩ እንደተለመደው ስለ ክሬን፣ ስለ መንገድና ስለ ሉዓላዊነት ሆነ። ባለሙያ ተብለው ከተከራከሩት ውስጥ ምን ያህሉ በዚያ ሰላጤ ላይ የአንድ ጠዋት መንገድ እንደተጓዙ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲዞር ሞገዱ በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ዳርቻ እንደሚጠለል፣ ኮራሉ የት እንደሚጀምር ሌስካል ላይ ጄሪካን የሚያወርደው ልጅ ያውቃል።

ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሂድ። ኪራዩ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ አምስት ስድስት ሆኖ መውጣት ያዋጣል። ከመክፈል በፊት ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም መድረሱን ቆጥሮ ማረጋገጥ፣ ሁለተኛ ሞተር ወይም ራዲዮ መኖሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። በሚያዝያ 2006 ከከተማዋ ወደ ታጁራ ሲሄድ ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ተገልብጦ ቢያንስ 69 ሰዎች አልቀዋልና ጥያቄው የከተሜ ቅንጦት ተደርጎ አይታይም። በመመለሻ ሰዓት ላይ ግን መደራደር ትርፉ ድካም ነው። ከኢትዮጵያ የሚላከው ጫት ከተማ የሚገባው ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ደራኩ ምንም ያህል እየነከሰ ቢሆን ካፒቴኑ ከዚያ በፊት የጀልባውን አፍንጫ ወደ ከተማው ያዞራል።