«የሌለ ሰው ሞቶ ታለቅሻለሽ?»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! መጽሐፍ እያነበባችሁ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? እንዳታፍሩ። እኔ አልቅሼ አውቃለሁ። ያውም አውቶቡስ ውስጥ! አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደንግጠው «ልጄ፣ ምን መርዶ ሰማሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አንድ የሩሲያ ባለጋሪ ልጁ ሞቶበት ነው» ብላቸው «ዘመድሽ ነው ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። ዝም ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

ዛሬ የማወጋችሁ ግጥም ወይም አጭር ልቦለድ ሲያነብ ሰው ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነው። «ይኼ ደግሞ የምክር ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩኝማ! በአንድ መጽሐፍ የተነሳ ቀለበት ሊመላለሱ የደረሱ፣ በሌላው የተነሳ ደግሞ ከክፉ ዕዳ የወጡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። ስማቸውን አትጠይቁኝ። ታሪኩን እንዳወጋላችሁ ፈቅደውልኛል፣ ስም ግን የለም።

ዲማ ላይ የተነሳው ጠብ

ልጅቷ አብሮ አደጌ ናት። ያደግነው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም በማትርቀው በዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሌላው ሕዝብ ግን ዲማን ያወቃት በሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ የተወለዱት ሐዲስ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዲማም ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የማንኩሳውን በዛብህን ለቅኔ ትምህርት ዲማ አመጡት። ዲማ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል አለች። የቀረውን ታውቁታላችሁ። እናንተ ባታነቡት እንኳ እናት አባቶቻችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጆሯቸውን ደቅነው ሰምተዋል።

ሚያዝያ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ንግሥ ከዳግማይ ትንሣኤ ጋር ገጠመ። አብሮ አደጌ፣ እጮኛዋና እኔ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ዲማ ሄድን። ሠርጋቸው ለጥር 2015 ዓ.ም. ተቆርጧል። ከንግሡ በኋላ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን ልጅቷ አገሩን ቃኘት ቃኘት አደረገችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ሰብለን አስቤ ነው።»

«የቷ ሰብለ?»

«የበዛብህ ሰብለ ናታ!»

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ በጊዮርጊስ! የሌለ ሰው ሞቶ ታለቅሻለሽ?»

ልጅቷ ቀላች። «በዛብህ ቢሆን እንዲህ ብሎ አይስቅብኝም ነበር» አለችው።

«በዛብህማ የቤት ኪራይ ከፍሎ አያውቅም!»

እኔም መሳቄን አልደብቃችሁም። እሷ ግን አልሳቀችም። ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። በሳምንቱ ደወለችልኝና «አንቺዬ፣ ስሜት ከሌለው ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን እንዴት ልኑር?» አለችኝ። ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰሙና ወርቁ

እዚያው ዲማ በዋልን ዕለት አንድ የኔታ ያሉኝን ነገር ላንሳ። የቅኔ ተማሪ ኑሮውን ታውቁታላችሁ። አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ከዚያ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከቅኔ ሁሉ የምታጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እሷን አሳክቶ ለመምህሩ እስኪያቀርብ ግን ተማሪው ፍዳውን ያያል። ትናንት የተባለ ቅኔ ደግሞ ነገ እንደ አዲስ አይቀርብም፤ ለበዓሉ፣ ለዕለቱ ትኩሱ ይፈለጋል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ውስጡ የተሸሸገው። ቅኔው ሲዘረፍ የገባው ሰው «ይበል!» ይላል። ያልገባው የጎረቤቱን ፊት ያያል።

«የኔታ፣ አንዱን ቅኔ ሁሉም ሰው እኩል ይሰማዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሰሙን ለሁሉም እኩል እናድላለን። ወርቁን ግን እያንዳንዱ በቁስሉ ልክ ነው የሚወስደው» አሉኝ።

በቁስሉ ልክ! ይቺን ቃል ይዤ ነው የተመለስኩት። እኔም ራሴ በቁስሌ ልክ የወሰድኩት ነገር ነበረኝና።

የአባቴ በሬዎች

ታላቅ ወንድሜ የሞተው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ በለቅሶው ላይ እንደ ወንድ ቆሞ አስተናገደ። ሰልስቱ ወጣ፤ አርባው ወጣ፤ ለቀስተኛው ወደየሥራው ተበተነ። ከዚያ በኋላ አባቴ ማታ ማታ ከበረቱ ገብቶ በሬዎቹን ሲያናግር እንሰማው ጀመር። አገዳ እየሰጠ፣ ጀርባቸውን እያሻሸ ያንሾካሹካል። እኛ ልጆቹ በግድግዳው ቀዳዳ እያየን እንስቅ ነበር። «አባባ ለየለት» እንባባል ነበር።

አባቴም በተራው ሞተ። አንዲት እንባ አልወጣኝም። «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ድንጋይ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ያ የአውቶቡሱ ነገር የመጣው። ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 የጻፈው አጭር ታሪክ ነው። አንድ ምስኪን ባለጋሪ ልጁ ሞቶበታል። በረዶ እየወረደበት ተሳፋሪ ያመላልሳል። ለተሳፈረው ሁሉ «ልጄ ሞተ» ሊል ይሞክራል። አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይሳደባል፣ ሌላው ይስቅበታል። የሚሰማው ሰው ጠፋ። መጨረሻ ላይ ከጋጣ ገብቶ ድርቆሽ የምታኝከውን ፈረሱን ጠጋ ብሎ ሐዘኑን ሁሉ ለሷ ነገራት።

አያችሁ? አባቴ አላበደም ነበር። የሚሰማው ሰው አጥቶ ነው። ከሚስቁት መሐል አንዷ እኔ ነበርኩ። ለአባቴ ያላለቀስኩትን ለቅሶ ለባለጋሪው አለቀስኩት። ሰውዬው የሌለ ሰው ነው። አባቴ ግን ነበረ።

የልጁ ምስጢር

ወደ ሁለቱ ልመለስ። በክረምቱ ልጁን ቡና ጋበዝኩትና «ለመሆኑ ምን አድርጋህ ነው እንዲያ የሳቅህባት?» አልኩት። መጀመሪያ ቀለደ። ኋላ ግን ሲኒውን እያሽከረከረ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ክፍሉ ፊት ግጥም አንብብ ተባልኩ። ስለ እናት የተጻፈ ግጥም ነው። እናቴ ያን ጊዜ ታማ ተኝታለች። መሐሉ ላይ ድምፄ ተቆረጠ፤ አለቀስኩ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። አስተማሪውም አብሮ ሳቀ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሜ ‹አልቃሻው› ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግጥም የሚባል ነገር ለፈተና ካልሆነ አላነበብኩም።»

ለካስ ስሜት የሌለው ሰው አይደለም! ስሜቱን የቀበረ ሰው ነው። በእጮኛው እንባ ሲስቅ ያ ክፍል የሳቀበትን ሳቅ መልሶ መሳቁ ነበር።

የተተረጎሙ አጫጭር ታሪኮች ያሉበት መጽሐፍ በቦርሳዬ ነበርና ሰጠሁት። «አንዷን ብቻ አንብብ። ጥቂት ገጽ ናት» አልኩት። የመረጥኩለት ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳ እ.ኤ.አ. በ1884 የጻፈውን የአንገት ጌጥ ታሪክ ነው። ምንም ሳላስብ ነው፤ የምወዳት ታሪክ ስለሆነች ብቻ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቆንጆዋ ማቲልድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሚስት ናት። ድግስ ተጠርታ ከሀብታም ጓደኛዋ የአንገት ጌጥ ትዋሳለች። ድግሱ ሲያልቅ ጌጡ ጠፋ። ባልና ሚስት ለጓደኛዋ ሳይናገሩ፣ ተበድረው ተለቅተው በ36 ሺህ ፍራንክ ተመሳሳይ ገዝተው መለሱ። ዕዳውን ለመክፈል 10 ዓመት ማሰኑ። ውበቷ ረገፈ፣ እጇ ሻከረ። ከ10 ዓመት በኋላ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ብትነግራት... ጌጡ ለካስ አርቴፊሻል ነበር! ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው።

ልጁ ታሪኩን የጨረሰው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ወዲያው ለእጮኛው ደወለ።

«ተኝተሻል?»

«ምን ሆነሃል? አመመህ?»

«አላመመኝም። አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አንድ ቀን የጓደኛዋን የሠርግ ቪዲዮ ስታይ «አቤት የአንገቷ ወርቅ!» ብላ ነበር። ብላ ረስታዋለች። እሱ ግን አልረሳም። ለወርቅና ለአዳራሽ ብሎ 80 ሺህ ብር ከአራጣ አበዳሪ ተበድሯል። ደመወዙ ወለዱን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ወርቁ ተገዝቶ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ልጁም እንደ ማቲልድ ባል የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነው! «አሥር ዓመት የሚለው ላይ ስደርስ የራሴን ዕድሜ ነው የቆጠርኩት» አለኝ በኋላ።

ልጅቷስ? ወዲያው አቀፈችው እንዳትሉ! ሁለት ሳምንት አኮረፈችው። «ሳልጠይቅህ ለምን ታደርገዋለህ? ለኔ ብለህ እኔኑ ዕዳ ውስጥ ትነክረኛለህ?» ብላ ጮኸችበት። እውነቷን ነው። ኋላ ግን ሌላም ነገር ገባት። ለካ እሷ ከበዛብህ ጋር ስታስተያየው ሰውዬው ጎደሎውን በወርቅ ሊሞላ እየሞከረ ነበር።

ወርቁ በኪሳራ ተሸጠ። አዳራሹ ቀረ። ሠርጉም ከጥር ወደ ዳግማይ ትንሣኤ ተዛወረና በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በግቢያቸው በተተከለ ድንኳን ተጋቡ። ከዕዳው የተረፈውን ሁለቱም ከደመወዛቸው እየቆረጡ ከፈሉት። አሁንም ይጣላሉ፤ ባልና ሚስት ናቸዋ! ግን ማታ ማታ ተራ በተራ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። እሱ ያለቀሰ ቀን እሷ አትስቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሊቅ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በንባብ ፍቅር የቀረሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፍ ስትከፍቱ «የደራሲው ዋና መልእክት ምንድን ነው?» ከሚለው አትጀምሩ። እሱ የፈተና ጥያቄ ነው። መጀመሪያ «የቱ ጋ ቆምኩ? የቱ ጋ ከበደኝ?» በሉ። የቆማችሁበት ቦታ ላይ የናንተ ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ ግጥምን ድምፅ አውጡና አንብቡት፤ ደግማችሁም አንብቡት። የዲማ ሊቃውንት ቅኔን በዜማ ለጆሮ የሚያቀርቡት በከንቱ አይደለም። በዓይን ብቻ የተነበበ ግጥም ብዙ ጊዜ ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ሌላው ሰው እንደናንተ ካልተሰማው አትፍረዱበት። እናንተ ያለቀሳችሁበት ላይ የሚስቅ ሰው ምናልባት ስንት ዓመት ያልታከመ ቁስል ይዞ ይሆናል። «ለምን ሳቅህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ከማኩረፍ ይሻላል።

አራተኛና ዋናው፣ እህቶቼ ስሙኝ! በመጽሐፍ ሰው የቆመ ሰው አትለኩ። በዛብህ የተጻፈ ሰው ነው፤ ጥርሱን አያመውም፣ ደመወዙ አይዘገይበትም። ወንድሞቼም እንደዚሁ፤ ሰብለ ወንጌልን የምትመስል ስትፈልጉ አጠገባችሁ ያለችው እንዳታመልጣችሁ። ልቦለድ የሚጠቅመው ያጠገባችሁን ሰው እንድታዩበት ነው። እኔ ባለጋሪውን ያወቅሁት አባቴን ካጣሁ በኋላ ነው። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።

ሁለቱም ታሪኮች መጀመሪያ የወጡት በጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃላችሁ? የቼኾቭ በፒተርስበርግ፣ የሞፓሳ በፓሪስ ጋዜጣ። ሳንቲም ከፍሎ የገዛቸው አንባቢ ከመቶ ዓመት በኋላ የጎጃም ልጅ ሌሊት ታሪኩን አንብቦ ምስጢሩን ያወጣል ብሎ መቼ አሰበ?

እስቲ ዛሬ ማታ እናንተም አንዷን አጭር ታሪክ አንብቡ። ከዚያ ከበረት፣ ከጓዳ ወይም ከሚቀጥለው ክፍል ለብቻው የሚያንሾካሹክ ሰው ካለ ጠጋ ብላችሁ ስሙት።

ሳምንት ያገናኘን!