የካምፓላ ሕፃናትን ያዳነው መድኃኒት ለተስፋፋ የጡት ካንሰር ምን ያህል ይረዳል?

በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይጠሩበታል። የሳምባ ነቀርሳ የምንለው በባክቴሪያ የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ካንሰር ግን የገዛ አካላችን ሕዋሳት ከሥርዓት ውጭ ሲራቡ የሚነሣ ነው። የጡት ነቀርሳ ያለባትን እናት ተማሪዎች ሲሸሿት የምናየው በዚሁ የቃላት መደበላለቅ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካንሰር እያልን እንጽፋለን።

ካንሰር በመድኃኒት ሊድን መቻሉ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዷ የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ናት። በሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ገለጹ። በ1967 በዚያው የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት ተቋቋመና ዶክተር ጆን ዚግለርና ባልደረቦቻቸው ሳይክሎፎስፋማይድ በተባለ መድኃኒት ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሕፃናትን ከሞት አተረፉ። በኢዲ አሚን ዘመን የውጭ ሐኪሞች ሲወጡ ኡጋንዳዊው ዶክተር ቻርልስ ኦልዌኒ ሥራውን ይዘው ቀጠሉ።

ታዲያ ያው መድኃኒት የተስፋፋ የጡት ካንሰርን ስለ ምን እንዲሁ አያጠፋም? ኬሞቴራፒ ይበልጥ የሚመታው በመከፋፈል ላይ ያለን ሕዋስ ነው። የበርኪት ዕጢ ሕዋሳት አብዛኞቹ ያለ ዕረፍት ስለሚከፋፈሉ ለመድኃኒቱ የተጋለጡ ናቸው። የጡት ካንሰር ዕድገት ግን አዝጋሚ ነው፤ ብዙዎቹ ሕዋሳቱ ያደፍጣሉ።

ነገሩን በሰሌዳ ላይ እናስላው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ዕጢ 1,000,000,000 ያህል ሕዋሳት ይይዛል። መድኃኒቱ የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን የተወሰነ እጅ ነው። ከሺህ 999ኙን ቢገድል 1,000,000 ይቀራሉ፤ ዕጢው ለዓይንም ለእጅም ጠፋ፣ በሽታው ግን አለ። ሁለተኛው ዙር 1,000 ያስቀራል። ነገር ግን በየዙሩ መካከል የተረፉት ይራባሉ፣ ከእነርሱም መካከል መድኃኒቱን የለመዱ ይገኛሉ። ወደ አጥንት፣ ሳምባና ጉበት በተዛመተ ካንሰር ድምሩ ከዚህ እጅግ የበዛ ነው።

ስለዚህ «ኬሞቴራፒ ከንቱ ነው» ማለትም «ፈጽሞ ያድናል» ማለትም ስሕተት ነው። በተስፋፋ ደረጃ ዕጢውን ያሟሽሻል፣ ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ያቀላል፣ ዕድሜንም ያራዝማል፤ ነቅሎ የሚያጠፋው ግን ከስንት አንድ ነው። ካንሰሩ ሳይዛመት ከተደረሰበት ግን ከቀዶ ሕክምና ጋር ተደቦ የተደበቁትን ጥቂት ሕዋሳት ስለሚያጠፋ የብዙዎችን ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ በካምፓላም ሆነ በአገራችን አብዛኞቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው መሆኑ ነው።

ጸጉር የሚረግፈው የጸጉር ሥር ሕዋሳትም ፈጥነው ስለሚከፋፈሉ ሲሆን፣ ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። ከጸጉሩ ይልቅ የሚያሠጋው የነጭ የደም ሕዋሳት ማነስ ነው፤ በሕክምና ላይ ያለች ሴት ትኩሳት ከተሰማት እስኪነጋ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት።