ጧሪ የመሰለ በዳይ

በሀገራችን ወጣት ለሽማግሌ መንገድ ሲለቅ ወይም የአሮጊት ዕቃ ሲሸከም «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ይመረቃል። ምርቃቱ እርጅና የሰው እጅ የሚጠበቅበት ዘመን መሆኑን ያስታውሰናል። ነገር ግን የሚጦረው እጅ ራሱ የሚበድል ሲሆን ማን ያየዋል?

እስቲ በሐሳባችን አንድ ነገር እንሳል። የጡረታ አበል በሚከፈልበት መስኮት አንዲት ባልቴት ከጎልማሳ ዘመዳቸው ጋር ቀርበዋል። ጸሓፊው «እማማ፥ ገንዘቡን ራስዎ ይቀበላሉ?» ይላል። ባልቴቲቱ ከመመለሳቸው በፊት የዘመዳቸውን ፊት ያያሉ። እርሱም «እሳቸው አይሰሙም፤ ወዲህ በለው» ብሎ እጁን ይዘረጋል። የባልቴቲቱ ክንድ በልዟል፤ ነጠላቸውም ከታጠበ ሰንብቷል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይቸኩላል። ጸሓፊው ምን ያድርግ?

ይህ ዓይነቱ በደል የአንድ ሀገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ሰዎች መካከል ከ6ቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2004 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፥ ሰኔ 8 ቀን ይህ በደል በየዓመቱ የሚታሰብበት ዕለት ሆኗል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በደል ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። መስደብና ማስፈራራት፥ ገንዘብ መንጠቅ፥ ምግብና መድኃኒት መንፈግ፥ የአእምሮ ሕመምተኛን በገመድ ማሰር፥ የአካል ጉዳተኛን ክራንች መደበቅ፥ ራሷን መከላከል የማትችለውን ሴት መድፈር፥ ይህ ሁሉ በደል ነው።

ስለዚህ ዐይናችን የሚከተሉትን ያስተውል፤ ምክንያቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቍስል፥ በሁለቱም አንጓ ላይ የሚታይ የእስራት ምልክት፥ ሳይገላበጡ ከመተኛት የመጣ የመኝታ ቍስል፥ አበሉ እየተከፈለ መድኃኒት አለመገዛቱ፥ በድንገት የተሰጠ ውክልና፥ እንግዳ ብቻውን እንዳያነጋግራቸው የሚከለክል አስታማሚ።

ይሁን እንጂ አንድ ምልክት ፍርድ አይደለም። የሽማግሌ ቆዳ በቀላሉ ይበልዛል፤ ብቻውን የሚያስታምም ሰውም ደክሞት ሊሆን ይችላል። ምልክት የሚያዘን እንድንጠይቅ ነው።

እንዴት እንጠይቅ? ለማንስ እንንገር?

በመጀመሪያ ሰውየውን ለብቻቸው ማነጋገር ያሻል። መስማት ለተሳነው ሰው ዘመዱ ብቻ አስተርጓሚ ከሆነ እውነቱ ተውጦ ሊቀር ይችላል፤ ሌላ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ። ያየነውንና የሰማነውን ከነቀኑ እንጻፍ። በዳዩን ግን በቍጣ አንጋፈጠው፤ ቂሙን ቤት ገብቶ በደካማው ላይ ሊወጣ ይችላልና።

ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ለፖሊስ ወዲያው ይነገር። ሌላው በወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ድርጊቱን በዐይኑ ያላየ ሰው እንኳ ወንጀልን የማመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል። ማስረጃውን መርምሮ ጥፋተኛውን መለየት የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ብዙ አረጋውያን የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ይህን አንድ ቃል የነገራቸው ወጣት የወር አበላቸውን መለሰላቸው ማለት ነው።

አረጋውያኑ ዝም የሚሉት ስላልተጎዱ አይደለም። ልጃቸው እንዳይታሰር፥ የቤት ገመና እንዳይወጣ፥ ብቻቸውንም እንዳይቀሩ ስለሚፈሩ ነው። አባቶች ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ።

እንግዲህ ወደ መስኮቱ እንመለስ። ጸሓፊው ዘመድየውን በትሕትና «እባክዎ ጥቂት ፈቀቅ ይበሉልኝ» ብሎ፥ ወደ ባልቴቲቱ ጎንበስ ይበልና «እማማ፥ ቤት ውስጥ የሚያስፈራዎ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰልፉ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይደለም።