የፋይል ስምና ቅጥያው

በሰዋስው ትምህርት ቅጥያ ማለት በቃል ጫፍ ላይ ተጨምሮ የቃሉን ትርጉም ወይም አገባብ የሚለውጥ ምዕላድ ነው። «ቤት» በሚለው ቃል ላይ «-ኦች» ሲታከልበት «ቤቶች» ይሆናል። የኮምፒዩተር ፋይልም ቅጥያ አለው፤ ይኸውም በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚጻፉት ጥቂት ፊደላት ናቸው። ዶክ የሚል ቅጥያ ፋይሉ ጽሑፍ መሆኑን፣ ጄፔግ የሚል ፎቶግራፍ መሆኑን፣ ኤምፒ3 የሚል ደግሞ ድምፅ መሆኑን ያመለክታል። በቀድሞው የኤምኤስ ዶስ ሥርዓት ስሙ ከ8 ፊደል፣ ቅጥያው ከ3 ፊደል እንዳይበልጥ ግድ ነበር። ዛሬም ብዙ ቅጥያዎች ባለ3 ፊደል ሆነው የቀሩት በዚሁ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ቅጥያው በጠርሙስ ላይ እንደሚለጠፍ ወረቀት ነው። በዘይት ጠርሙስ ላይ «ማር» ተብሎ ቢጻፍ ዘይቱ ማር አይሆንም። የፎቶግራፍ ፋይል ቅጥያው ወደ ዶክ ቢለወጥም ፎቶግራፉ ጽሑፍ አይሆንም፤ ኮምፒዩተሩ ተታሎ የማይስማማውን ፕሮግራም ይከፍታል እንጂ። ማንኛውም ፋይል በውስጡ ባይት የሚባሉ፣ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ቁጥሮች ሰልፍ ነው። የጄፔግ ፎቶግራፍ ሰልፉን በ255 እና በ216 ይጀምራል። የፒዲኤፍ ሰነድ ደግሞ በመቶኛ ምልክት ጀምሮ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚሉትን የላቲን ፊደላት ያስከትላል። የፋይሉ እውነተኛ ዓይነት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቅጥያውም ዓይነቱም ትክክል ሆኖ ሳለ ጽሑፉ የማይነበብበት ጊዜም አለ። በዚህ ችግር የአማርኛ ጸሐፊዎች ብዙ ተንገላተዋል። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ በካርቱም ከተማ፣ አርካዊት በተባለው ሠፈር ለሚኖር ወንድሟ ስለ እናታቸው ሕመም የሚገልጽ ደብዳቤ በኮምፒዩተር አስጽፋ፣ በፍሎፒ ዲስክ በመንገደኛ እጅ ላከች እንበል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ቅጥያው ዶክ ነው፤ ፕሮግራሙም ያውቀዋል። በገጹ ላይ የሚታዩት ግን የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ወንድምየው እናቱ ይሻላት ወይም ይባስባት ከዚያ ሊረዳ አይችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚያን ጊዜ ፎንት፣ ማለት የፊደል ቅርጾች ስብስብ፣ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በሁለት ፎንት ከፈላቸው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ቅርጾች ገጣጠማቸው። አንዱ ለ«ሀ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለ«መ» ይሰጥ ነበር። በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቅርጹ የሚገኘው በፎንቱ ነው፤ ፎንቱም አዲስ አበባ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት በ3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል አካተተ። በዚህም «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ለ» 4616 ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ «ሰላም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሮቹ በየትም አገር አንድ ናቸው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ቃሉ 9 ባይት ይይዛል።

ቀደም ብለው የተጻፉት ሰነዶች ግን ከነአሮጌ ቁጥራቸው ቀርተዋል። የፎንቱ ስም ከታወቀ ቁጥር በቁጥር የሚተካ ፕሮግራም ይመልሳቸዋል። ጽሑፉ ቴክስት በሚባለው ተራ ሥርዓት ከተቀመጠ ስሙ እንኳ አይገኝም። እንግዲህ የቀረው ግምት ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚደጋገመው ምልክት አራት ነጥብ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ከዚያ ይጀመራል፤ አድካሚ ሥራ ነው።

የአርካዊቱ ወንድም ዕድለኛ ነው። ዶክ ፋይል የፎንቱን ስም ይዞ ይጓዛልና ስሙን አይቶ ለእኅቱ ይነግራታል፤ እርሷም ፎንቱን በሌላ ዲስክ ትልክለታለች። ፎንቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ ደብዳቤውን እንደገና ሲከፍተው፣ ከቁጥሮቹ አንድ እንኳ ሳይለወጥ፣ አማርኛው ይነበባል።